አባባን ማን ይውሰደው

ለእትዬ፣ ለታላቄ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ባልሽስ ወገቡን ተሻለው? ልጆቹስ ጠኑልሽ? ያ የያዘሽ ጉንፋን ለቀቀሽ ወይስ አሁንም እያሳልሽ ነው ሥራ የምትገቢው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ደህና ናት፤ ትንሿ ልጄም ደህና ናት፣ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ ቁርጥ አያቷን መስላለች። አባባም ደህና ነው፤ ደህና ነው ስልሽ ጉልበቱን ሳልቆጥር ነው። ናፍቆቴን ልጻፍ ብል ወረቀት አይበቃኝም አልልሽም፤ እንደሱ የሚሉት ሌላ ወሬ የሌላቸው ናቸው። እኔ ወሬ ሞልቶኛል። ልጆቹን አስተኝተሽ፣ አረፍ ብለሽ አንብቢው።

በስልክ አትነግረኝም ወይ ትይ ይሆናል። በስልክ ከሆነ መጮኼ አይቀርም፤ አንቺም «ቀስ በል፣ ሰው ይሰማሃል» ስትይኝ ካርዱ ያልቃል። ደግሞ በደብዳቤ ጻፍላት ያለኝ ራሱ አባባ ነው። ነገሩን ሳላድበሰብስ ልንገርሽ፤ ያ እኛ ቤት ያደገው ልጅ፣ ድንጋዩ፣ አባባን ሊወስድብኝ ነው። እሱ ወደሚኖርበት ከተማ ወስዶ ከቤቱ ሊያኖረው፣ ባቋቋመው የትግል ክበብ ውስጥ አሰልጣኝ ሊያደርገው። አባባ እሺም እምቢም አላለም። «ልጄ የምትለውን እሰማለሁ» ብሎ ፍርዱን ላንቺ ሰጠ። ልጄ ያለው አንቺን ነው እትዬ። ይህን ሲናገር እኔ እግሩ ሥር ተንበርክኬ የጫማውን ክር እያሰርኩለት ነበር። ቀና ብዬ ባየው ዓይኑ ግድግዳው ላይ ካለው ፎቶሽ ላይ ነው። እማማ ካረፈች ጀምሮ የሚያስታምመው እኔ፣ የሚጠየቀው ባሕር ማዶ ያለው ሰው! እንግዲህ ቅናቴ ካንቺ እንደሚጀምር ከወዲሁ እወቂው፤ ከድንጋዩ ጋር ግን አይወዳደርም።

ድንጋዩን መቼም አትረሺውም። ከአጎቱ ቤት ተገፍቶ የመጣ፣ ትከሻው በር የሚሞላ፣ አፉ ግን የተሰፋ የሚመስል ልጅ ነበር። አባባ የመጀመሪያ ቀን ትከሻውን ጨበጥ አድርጎ «ይሄ ድንጋይ ነው እንጂ ልጅ አይደለም» አለ፤ ስሙም በዚያው ጸና። ከዚያ ወዲያ ማዕዳችን ላይ ከኔ በላይ የሚጎርሰው እሱ ሆነ። እማማ «ይብላ፣ እያደገ ነው» ትል ነበር፤ እኔ ቁልቁል የማድግ ይመስል! ያን አዲስ ጫማዬንስ ታስታውሻለሽ? አንድ ቀን እንኳ ሳላደርገው አባባ ከካርቶኑ አውጥቶ፣ ውድድር አለበት ብሎ ለድንጋዩ ሰጠው። ድንጋዩ አሸነፈ፤ ጫማዬ ግን ጎኑ ተተርትሮ መጣ። አባባ ራሴን እያሻሸ «ያንተ ጫማ አሸነፈ» አለኝ። ምን ይሠራልኛል? ጫማ ሲሸለም አይቼ አላውቅም።

የአባባን ልፋት ላንቺ መንገር ለቀባሪው አረዱት ይሆንብኛል፤ ቢሆንም ካልነገርኩሽ ሆዴ አይረጋም። አባባ ስፖርት ያስተምርባት የነበረችው ያች ሚጢጢ ትምህርት ቤት ትግልን ከድብድብ ለይታ በማታውቅበት ጊዜ፣ የተሰባበረ ዴስክ የሚጣልበትን መጋዘን ለምኖ አጸዳ። ምንጣፍ የሚገዛለት ሲያጣ እማማ ሸራ ሰፋችለት፤ እሱ ከፍራሽ ሠሪዎቹ የስፖንጅ ቁርጥራጭ እየለመነ ሞላው። ልጆቹን የሚመዝነው በእህል ነጋዴው ሚዛን ነበር፤ ነጋዴው «ዛሬስ ምን ያህል ኩንታል ልጅ አመጣህ?» እያለ ይቀልድበታል። ውድድር ሲኖር በጭነት መኪና ላይ አብሯቸው ተንጠላጥሎ ይሄዳል። ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች ና ሲሉት «እናንተ ጋ አሰልጣኝ አለ፣ እኛ ጋ የለም» ብሎ ይመልሳል። ቅዳሜ ልምምድ፣ እሑድ ደግሞ የሌላ ሰፈር ልጆችን መዳኘት። እማማ ቤቱ ሲያፈስ ቀና ብላ እያየች «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ትል የነበረው ለማን ይመስልሻል?

እኔን ያቆሰለኝ ግን የጣሪያው ነገር አይደለም። ከፊሽካው ጋር አንገቱ ላይ የምትንጠለጠለዋን የጥፍር መቁረጫ ታውቂያታለሽ። ተጋጣሚያቸውን እንዳይቧጥጡ ብሎ፣ ከውድድር በፊት የእያንዳንዱን ልጅ እጅ ይዞ፣ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አውርዶ፣ ጥፍራቸውን ራሱ ይቆርጣል። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እጁን ለአባቴ ሰጥቶ ተቀምጧል። የኔን ጥፍር አንድ ቀን ቆርጦልኝ አያውቅም። አንድ ክረምት ትግል ልማር ብዬ ገባሁ፤ በወረወሩኝ ቁጥር ስነሳ አይቶኝ፣ እጄን ገልበጥ አድርጎ መዳፌን ተመለከተና «ይሄ እጅ የእንጨት ነው» ብሎ ለአናጢው ሰጠኝ። በሙያዬ አላፍርም፤ ቤቴን የሠራሁት፣ ልጄን የማሳድገው በሱ ነው። ግን ይኸው ጎልማሳ ሆኜም፣ መላጊያውን ስገፋ፣ ያን ቀን ትንሽ ቢታገሰኝስ ኖሮ እላለሁ።

አሁን ወደ ሽኝቱ ልምጣ። ጡረታ መውጣቱን ሰምተው ያስተማራቸው ሁሉ ከያለበት ተጠራርተው መጡ። መጋዘኑ ያን ቀን ጢም ብሎ ሞላ፤ ያልመጣ ሰው የለም፣ ዳኛ የሆነው፣ አዋላጅ የሆነችው፣ የከባድ መኪና ሾፌሩ ሳይቀር። እየተነሱ ተናገሩ። ሾፌሩ ከወለደኝ አባቴ በላይ ነው አለ፤ አዋላጇ እሱ ባይኖር ትምህርቴን አቋርጬ ነበር ብላ አለቀሰች። ሁሉም «ጋሼ» እያሉ፣ በአንቱታ፣ በወጉ። ድንጋዩ ተነሳና እንደ ልማዱ ጎርነን ባለ ድምፅ «አባባ» ብሎ ጀመረ። አባባ! እንደ ሰው «ጋሼ» አይልም? «አባባ» እኮ የኔና ያንቺ ነው! አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ወደ ባለቤቴ ጠጋ ብላ «ልጃቸው እሱ ነው?» አለቻት። እኔ ልሙት፣ ቆሽቴ እርር አለ።

መጨረሻ ላይ አባባ ራሱ ተነሳ። ርዕሰ መምህሩን አመሰገነ፣ ዘበኛውን አመሰገነ፣ የእህል ነጋዴውን ነፍስ ይማር አለ፣ ልጆቹን በየቅጽል ስማቸው ጠራ። ከዚያ በዙሪያው ወዳሉት አግዳሚ ወንበሮች እጁን ዘርግቶ «እነዚህን የሠራልንን አናጢም አመሰግናለሁ» አለ። አናጢ! የኔ ልጅ አላለም፣ ልጄ የሠራቸው አላለም። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፣ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ? ባለቤቴ «በሰው ፊት የራሱን ማሞገስ ስለሚያፍር ነው» አለችኝ። ይሆናል። ግን ድንጋዩን ሲያሞግስ የት ሄዶ ነበር ያ እፍረት?

ከዚያ በኋላ ምሳ እኛ ቤት ሆነ። ድንጋዩ ከበላ በኋላ እጁን ታጥቦ ሲመለስ፣ የመጣበትን ጉዳይ አወጣው። ክበቡን ማቋቋሙን፣ አዳራሽ መሥራቱን፣ ካዳራሹ ጎን ለአባባ ክፍል ማዘጋጀቱን ነገረን። «እኔ ጉልበት አለኝ፣ ዓይን ግን የለኝም፤ አባባ አንዴ አይቶ የሚያውቀውን እኔ ወር ፈጅቶብኝም አላየውም» አለ። ያለ እሱ ልጆቹን አበላሻቸዋለሁ ብሎ ፈርቷል። እኔ ግን ጆሮዬ «ክፍል አዘጋጅቻለሁ» ላይ ቀርቶ ነበር። እኔስ ክፍል አልሠራሁለትም? አልጋውን በጉልበቱ ልክ፣ ሳይጎነበስ ቁጭ እንዲልበት አድርጌ የሠራሁት እኔ አይደለሁም? ወንበሬን ገፍቼ ተነሳሁ። «የሰው አባት እንደ ጫማ አውልቀህ የምትሄድ መሰለህ?» አልኩት። እሱም ተነሳ። አባት እንዲህ መስኮት ላይ ተጎልቶ እንዲደርቅ የሚያደርግ ልጅ አላየሁም አለኝ። እኔ ሚስማር የማክል፣ እሱ ቁም ሳጥን የሚያክል፣ ገበታው መሀል ላይ ተፋጠጥን። ባለቤቴ ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች።

ይሄኔ አባባ ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ አነሳና ወጣ። በመስኮት ሳየው ግቢው ውስጥ፣ ከቧንቧው አጠገብ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል። ተቀይሞ መስሎኝ ልከተለው ስል ድንጋዩ ክንዴን ያዘኝ፤ «ወጣ እኮ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ ተመልሶም ተቀመጠ። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። አባባ አንድ ደንብ ነበረው። ውድድር ላይ ሁለት የገዛ ልጆቹ እርስ በርስ ከደረሳቸው በማንኛቸውም ጥግ አይቆምም። ጃኬቱን አንስቶ ከአዳራሹ ይወጣል፣ ጨዋታው እስኪያልቅ ጀርባውን ሰጥቶ ውጭ ይቆማል። ለአንዱ እጁን ቢያወዛውዝ ሌላውን የወጋ ያህል ነው የሚቆጥረው። ከሌላ ትምህርት ቤት ልጅ ጋር ከሆነ ግን ምንጣፉ ላይ ሊወጣ ምንም አይቀረው፤ ጩኸቱ ራሱ ለብቻው ነው።

እትዬ፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ድንጋዩን ከልጆቹ፣ እኔን ከቤት ዕቃው የሚቆጥረኝ ይመስለኝ ነበር። ሁለታችንም የሱ ባንሆን ኖሮ ቁጭ ብሎ ለአንዳችን ይፈርድ ነበር። ይህን ስልሽ ቅናቴ በረደ ማለቴ አይደለም፤ ኧረ ወዲያ! ከኔ ቀድሞ ድንጋዩ ስለገባው ደግሞ በዚያ ቀናሁ። እኔም አፍሬ ስቀመጥ አባባ ተመለሰ። ለእህትህ ጻፍላት አለኝ፤ ድንጋዩ ያለውንም አንተ ያልከውንም ሳታዛባ ጻፍላት፣ እሷ የምትለው ይሆናል። ሳላዛባ እየጻፍኩ ነው? አንቺው ፍረጂ።

ሽኝቱ ካለፈ ወዲህ ያለውን ደግሞ ስሚ። አባባ ጠዋት ተነስቶ ቱታውን ይለብሳል፣ ፊሽካውን ያጠልቃል፣ ክሩን አስርለታለሁ። ከዚያ የሚሄድበት የለውም። አንድ ቀን ልምምዱን ልይ ብሎ ትምህርት ቤት ሄደ። አዲሱ የስፖርት አስተማሪ መልካም ሰው ነው፣ ክፋት የለበትም፣ የሚያውቀው ግን መረብ ኳስ ነው። ምንጣፎቹ ተጠቅልለው ግድግዳ ተደግፈዋል፣ የተሰባበሩት ዴስኮች ወደ መጋዘኑ እየተመለሱ ነው። አባባ ይህን የነገረን ሳንጠይቀው፣ እየሳቀ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ምሳ ሲቀርብ በልቻለሁ ይላል። ልጄ ጭኑ ላይ ወጥታ ስትጫወትበት ይስቅላታል፣ ወዲያው ይረሳታል። ባለቤቴ «ሰውዬው እየቀዘቀዘ ነው» ስትለኝ ተቆጣኋት። ምን ጎደለው አልኳት፤ የጎደለውን እያወቅሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ድንጋዩ ክበቡን ይዞ ለውድድር ወዲህ መጣ፤ ሲመለሱ አባባን ሰላም ይበሉ ብሎ ልጆቹን እኔ እንጨት መሥሪያ አወረዳቸው። አባባ እዚያ ተቀምጦ የምልገውን እንጨት ያይ ነበር። ከልጆቹ መሀል አንዷ የተሸነፈች፣ ዓይኗ ያበጠ፣ ጥግ ይዛ ቆማለች። አባባ እንዴት እንደወደቀች ጠየቃት፤ ነገረችው። «እስቲ አሳዪኝ» አለ። ድንጋዩ ሰጋቱራው ላይ ሸራ ዘረጋ። ከዚያ የሆነውን ባላይ አላምንም። አባባ ተንበረከከ! ያ እኔ ደግፌ የማስነሳው፣ ደረጃ ላይ ቆሞ የሚያቃስተው ሰውዬ፣ ተንበረከከ፣ ወገቧን ያዘ፣ «ክርንሽን ወደ ጎንሽ! ዓይንሽን ከተጋጣሚሽ ደረት አትንቀይ!» እያለ ጮኸ። ድምፁ መንገድ ተሻገረ፤ ጎረቤቴ ብየዳውን አቁሞ ብቅ አለ። ልጅቷ ባሳያት መንገድ አባባን ራሱን አንስታ ጣለችው፤ እሱ ጀርባው ሰጋቱራ ለብሶ ተንከትክቶ ሳቀ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ለኔ ሲሆን የማይታጠፍ ጉልበት ለሰው ልጅ እንዲህ ይታጠፋል? መጋዜን አንስቼ ያልለካሁትን እንጨት መቁረጥ ጀመርኩ።

እሑድ ጠዋት እንደወትሮው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ዘረጋልኝ። ማሰሩን አልጀመርኩም። «ትናንት ጉልበትህ ታጥፎ ነበር» አልኩት። ወቀሳ እንዲመስል ነበር ያልኩት፣ ወቀሳም መሰለ። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «ስታስርልኝ ደስ ስለሚልህ ነው» አለኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አንዱን ጫማ ራሱ አሰረ፤ አቃሰተ እንጂ አሰረው። ሁለተኛውን ለኔ ተወልኝ።

እትዬ፣ አየሽው? ይሄ ሰውዬ እኔ ጋ የተቀመጠው ለራሱ አይደለም። በቀናሁ ቁጥር ሲያየኝ ኖሯል ማለት ነው። ጫማዬን ሲሰጥም፣ ወንበሮቹን ሲያመሰግንም፣ ፊቴን እያየ ነበር። አሁን ዕዳውን በእግሩ እየከፈለኝ ነው፤ ጤነኛ እግሩን ዘርግቶ እየታሰረልኝ። ይህን ካወቅሁ በኋላ ክሩን መጨበጥ አቃተኝ። ሂድ እንዳልለው አፌ አይታዘዘኝም፤ እኔ ብለው ደግሞ ተቀይሞ ነው ይላል፣ አይሄድም። ስለዚህ አንቺ በይልኝ። ደውይለትና ሂድ፣ ልጆቹ ይፈልጉሃል በይው። ሞኝ የአባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ ይዘርፋል ይላሉ፤ እኔ አባትዬውን ራሱን ሻንጣውን ይዤ አውቶቡስ ላይ ልሰቅል ነው። ድንጋዩ ግን ጨዋ ልጅ ነው፤ አይበድለውም። ይህን ለመጻፍ ስንት ጊዜ ብዕሩን እንዳስቀመጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ለባልሽ ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ ከባድ ነገር አያንሳ፣ ወገብ ቀልድ አያውቅም። ትልቁን ልጅሽን ጎበዝ በይልኝ፤ አያቱ ትከሻው እንዴት ነው እያለ ስለሚጠይቅ፣ ፎቶ ስትልኪ ከጎን አንሺው። ትንሿን ሁለቱን ጉንጯን ሳሚልኝ። የባልሽን እናት እጅ ነስተሽ ጤናቸውን ጠይቂልኝ። ባለቤቴ የላክሽላትን ሻሽ ሰው ቤት ካልሆነ አታስረውም፣ እጅግ ትወድሻለች። ልጄ ደግሞ የወለቀውን ጥርሷን ላኩላት ብላ አስቸግራኛለች፤ አልላክሁትም።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ሂድ ስትይው፣ «ወንድሜ ግን እንድትቀር ለምኖኛል» በይው። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሁሉ ሲፈልገው ኖሯል፤ እኔም እንደፈለግሁት ይወቅ፣ በቀላሉ ሰጠኝ እንዳይል። ውሸት እንዳይሆንብሽ ደግሞ ይኸው በእጄ ጽፌ እለምንሻለሁ፤ እባክሽ እትዬ፣ በእናታችን ይሁንብሽ፣ አባባ እኔ ጋ ይኑርልኝ። ለምኛለሁ እንግዲህ። አንቺ ግን ይሂድ በይው።

ታናሽ ወንድምሽ

ከእንጨት መሥሪያዬ፣ ሰኞ ረፋድ፣ ግንቦት ፱